ሰሙን ማን አቀለጠው?

ባለፈው ሰሞን በአንድ የቴክኖሎጂ ዐውደ ርዕይ መክፈቻ ላይ ተገኝቼ ነበር። መጀመሪያ እስክስታ መጣ። ልጆቹ ላባቸው ጠብ እስኪል መድረኩን አሞቁት፤ ተጨበጨበላቸው፤ በጓሮ በር ተሸኙ። ቀጥሎ አንድ ትልቅ ሰው ንግግር ሊያደርጉ ወጡ። ላሊበላን ጠሩ። አክሱምን ጠሩ። ቅዱስ ያሬድን ጠሩ። አዳራሹ ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ ጉሮሯቸውን ጠራርገው፣ «አሁን ግን ጊዜው የሳይንስ ነው» አሉ።

ያቺን «ግን» ሰማችኋት? እኔ ሰማኋት። እስካሁን ጆሮዬ ላይ ትጮሃለች።

ላሊበላ ታዲያ ምን ነበር? ቤተ ጊዮርጊስ የተሠራው ከላይ ወደ ታች ነው። ግንበኛ ድንጋይ ቢጣመምበት አንሥቶ ሌላ ያስገባል። እዚያ ግን አንዴ የተፈለጠ አለት አይመለስም። አሥራ ሁለት ሜትር ያህል ወደ ታች ሲወርዱ መስኮቱ የት እንደሚመጣ፣ ዓምዱ የት እንደሚቀር፣ የዝናቡ ውኃ በየት እንደሚወጣ ገና ከጣሪያው ላይ ቆሞ ያወቀ ሰው ነበር። ጣሪያው ላይ ደግሞ መስቀል በመስቀል ውስጥ፣ እሱም በሌላ መስቀል ውስጥ ተቀርጿል። መላእክት ረድተዋል የሚለውን ትውፊት አከብራለሁ። ግን መላእክትም ቢሆኑ ውኃው ወዴት እንደሚፈስ ማስላት ነበረባቸው። እንግዲህ ይህ ቅርጻ ቅርጽ ነው ወይስ ምህንድስና? በየትኛው ክፍል ልናስመዘግበው ነው? በሶሻል ወይስ በናቹራል?

ሶሻልና ናቹራል። እነዚህ ሁለት ቃላት የስንቱን ልጅ ዕድሜ ለሁለት እንደሰነጠቁ የሚቆጥር የለም። እኔ ከተሰነጠቁት አንዱ ነኝ። የፊዚክስ ደብተሬ ኅዳግ በሥዕል የተሞላ ነበር። ስለ ሌንስ ስንማር ዓይን እሥላለሁ፤ ስለ ፔንዱለም ስንማር የሚወዛወዝ ሰው እሥላለሁ። አንድ ቀን መምህሬ ገጹን ቀደደና «አንተ ልጅ፣ ወይ ሣል ወይ ተማር!» አለኝ። ክፍሉ ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ ምን ላድርግ? አጠገቤ የሚቀመጠው ልጅ ከእኔ እጥፍ ይሥል ነበር። ውጤቱ ትንሽ ዝቅ አለና «ሶሻል ገባ» ተባለ። «ሳንባው ተነካ» በሚባልበት ድምፅ ነው የተባለው። እሱ ከዚያ ወዲህ ቁጥር አይቶ ደስ ብሎት አያውቅም። እኔ ከዚያ ወዲህ እርሳስ ለሥዕል አላነሣሁም። አንዳችን መቁጠር ተውን፣ አንዳችን ማየት ተውን። ይህን ነው «የትምህርት ምርጫ» የምትሉት?

ከዚያ ደግሞ «ሰባ ሠላሳ» መጣ። ከ100 የዩኒቨርሲቲ ገቢ 70ው ወደ ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ 30ው ወደ ቀረው ሁሉ። አገር ሐኪምና መሐንዲስ ያስፈልጋታል ለሚል ሰው ምንም ጥል የለኝም። ያስፈልጓታል። እኔን ያንገበገበኝ ክፍፍሉ የነገረን ሌላ ነገር ነው፦ ጭንቅላት ያለው ወደዚህ፣ የተረፈው ወደዚያ። በየቤቱ የገባው ትርጉም ይኸው ነው። እናቶች ለጎረቤት የሚያወሩት ይኸው ነው። እናንተም ለልጃችሁ የነገራችሁት ይኸው ነው፤ አይደለም በሉኝ።

አማርኛ ራሱ ያፍርብናል። ሰሎሞን የለመነው ጥበብ ነው። ሠዓሊ የሚሠራው ሥነ ጥበብ ነው። በሐበሻ ቀሚስ ጠርዝ ላይ የሚሸመነውም ጥለት ጥበብ ይባላል። ዕውቀቱም፣ ውበቱም፣ የእጅ ሥራውም በአንድ ቃል ተጠቅልሎ እጃችን ላይ ተቀምጧል። ሌላው ዓለም ሳይንስንና ሥነ ጥበብን ለማገናኘት ጉባኤ ይጠራል። እኛ ስንናገር ሳናውቀው እናገናኛቸዋለን፤ ስንኖር ግን እናለያያቸዋለን። ምክንያቱም ከዚያው ከጥበብ ሥር ሌላም ቃል ወጥቷል፤ ጠይብ። ጠቢብ የሆነው ሰው ብረት ሲያቀልጥና ሸክላ ሲተኩስ ጠይብ ተባለ፤ ጠይብ ደግሞ ቡዳ ተባለ። ሸማኔውን «ቁጢት በጣሽ»፣ ቆዳ የሚያለፋውን «ፋቂ» ብለን ሰደብን። ዳግማዊ ምኒልክ ባለ እጅን የሚሳደብ ሰው እንዳይኖር አዋጅ እስከማስነገር ደርሰዋል። ስድቡ ጥቂት ቢሆን ኖሮ አዋጅ ባላስፈለገ ነበር።

አሁን ወደሚያበሳጨኝ ነገር ልምጣ።

«ሰምና ወርቅ» እንላለን። የቅኔያችን መመኪያ ነው። ትምህርት ቤት ተምረነዋል፤ በየንግግሩ ጣል እናደርገዋለን፤ የውጭ አገር ሰው ሲመጣ «ቋንቋችን እንዲህ ረቂቅ ነው» ብለን እንኮፈስበታለን። ቃሉ ግን ከየት መጣ? ከቅኔ ቤት ነው? አይደለም። ከአንጥረኛ ቤት ነው። አንጥረኛው ጌጡን መጀመሪያ በሰም ይቀርጸዋል። ሰሙን በጭቃ ይለብጠዋል። ጭቃውን እሳት ላይ ያደርገዋል። ሰም 60 ዲግሪ አለፍ ሲል ይቀልጣል፤ በተተወለት ቀዳዳ ይፈስሳል፤ ጭቃው ውስጥ የሰሙ ቅርጽ ባዶውን ይቀራል። ወርቅ ለመቅለጥ ከ1,060 ዲግሪ በላይ ይፈልጋል። ቀልጦ በዚያ ባዶ ቦታ ይገባል። ጭቃው ሲሰበር ሰሙ የነበረበት ቦታ ላይ ወርቅ ተቀምጧል። ሒሳቡን ደግሞ እዩት፦ ወርቅ ከሰም 20 ጊዜ ያህል ስለሚከብድ፣ ስንት ወርቅ እንደሚያስፈልግ ለማወቅ ሰሙን መዝኖ በ20 ማባዛት ነው። ይህ ጥግግት የሚባለው የፊዚክስ ትምህርት ነው። እኔ ሰባተኛ ክፍል ከመጽሐፍ ሸምድጄ ረሳሁት። አንጥረኛው በጣቱ ያውቀዋል።

ይህን ሥራ ያየ አንድ የቅኔ ሰው ነው እንግዲህ፣ ጥንት፣ «ቃልም እንዲህ ነው!» ያለው። ላይ ላዩ ይቀልጣል፣ ውስጡ ይቀራል። በሥነ ጽሑፋችን ትልቁ ሐሳብ የብረታ ብረት ቴክኖሎጂ ነው! ከምድጃ አጠገብ የተወለደ ነው! ባለ ምድጃውንስ ምን አደረግነው? ልጁን ልጃችን እንዳታገባው ከለከልን። ዓይኑን ፈራን። ከቤቱ ውኃ አልጠጣንም። ወርቅ ላበደረ ጠጠር ማለት ይኸው ነው። ሐሳቡን ወሰድን፣ ሰውየውን አባረርን፣ ቀጥሎም «ሳይንስ ከኪነ ጥበብ ጋር ምን አገናኘው?» ብለን እንጠይቃለን።

ዛሬም ቢሆን ምን ተለወጠ? ለሠርጋችሁ ሽሮ ሜዳ ወርዳችሁ ሸማኔውን ስትከራከሩ ምን እየገዛችሁ እንደሆነ አስባችሁ ታውቃላችሁ? ያ ጥለት በግምት አይወጣም። ከድሩ የትኛው ክር ይነሣል፣ የትኛው ይቀመጣል፣ ባለ ቀለሙ ማግ ከየት እስከ የት ያልፋል፤ ሁሉ ቁጥር ነው። ተነሣ፣ ተቀመጠ። አለ፣ የለም። አንድ፣ ዜሮ። ፈረንሳዊው ዣካርድ እ.ኤ.አ. በ1804 ይህንኑ ሥራ በተበሳ ካርድ እንዲታዘዝ አደረገው። እንግሊዛዊው ባቤጅ የካርዱን ሐሳብ ወስዶ የሒሳብ ማሽን ነደፈበት። አሜሪካ እ.ኤ.አ. የ1890ውን ሕዝብ ቆጠራ በተበሳ ካርድ አሰላች። ኪሳችሁ ውስጥ ያለው ስልክ ዘሩ ቢቆጠር ሸማኔ ቤት ይገባል። የሸማኔ ልጅ ሆኖ መገኘት ታዲያ የሚያሳፍረው በየትኛው ሒሳብ ነው?

አያቴ ስፌት ትሰፋ ነበር። ፊደል አልቆጠረችም፤ ስሟን መጻፍ አትችልም። ከፊቷ ስንደዶ፣ አክርማና በቀይና በአረንጓዴ የተነከረ አለላ ይደረደራል፤ በእጇ ወስፌ። እኔ አጠገቧ ተቀምጬ የቤት ሥራዬን እሠራለሁ። እሷም የቤት ሥራዋን ትሠራ እንደነበር የገባኝ ካረጀች በኋላ ነው። እንዴት ልገንዘብ? ማንም አልነገረኝም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሰፌድ ከመሐል ይጀመርና በዙር በዙር ይሰፋል። ዙሩ በሰፋ ቁጥር የሚፈጀው ርዝመት ይጨምራል። በስንት? ግማሽ ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ዙር ከሆነ፣ እያንዳንዱ አዲስ ዙር ከፊተኛው በሦስት ሴንቲ ሜትር ትንሽ አለፍ ይላል። ሁለተኛው ዙር ላይም፣ ሃምሳኛው ዙር ላይም ያው ሦስት ነው። ይህን ያህል ከጨመርሽ ሰፌዱ ጠፍጣፋ ይሆናል። ከዚያ አሳንሰሽ ካጠበቅሽው ጠርዙ ወደ ላይ ይነሣል፤ መሶብ ይሆናል። አብዝተሽ ከለቀቅሽው ጠርዙ ይንዘላዘላል፤ እንደ ጎመን ቅጠል ይጨማደዳል። አያቴ ሦስቱንም ታውቃለች። ሦስተኛውን እንደ ጥፋት ነበር የምታውቀው። «ላልቶ ተበላሸ» ብላ ትፈታዋለች።

የሒሳብ ሊቃውንት ሦስቱን ሦስት ጂኦሜትሪ ይሏቸዋል። ሦስተኛውን፣ ያቺ አያቴ የፈታችውን፣ ለመረዳት በ19ኛው መቶ ዘመን ስንት ታላላቅ ጭንቅላት እንደተጨነቀ መጻሕፍቱ ይናገራሉ። በወረቀት ሠርቶ ማሳየት አስቸጋሪ ሆኖ ቆየ። እ.ኤ.አ. በ1997 ዳይና ታይሚና የምትባል ላትቪያዊት የሒሳብ ሊቅ፣ አሜሪካ ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ውስጥ፣ ኪሮሽ አንሥታ በክር ሠራችው። በየዙሩ ጨመር፣ ጨመር፣ ጨመር። እንደ ጎመን ቅጠል ተጨማደደ። ተማሪዎቿ በእጃቸው ነክተው ገባቸው። ፕሮፌሰሮች ተደነቁ። ክሩ አሁን በሥነ ጥበብ አዳራሾች ይታያል፤ በሒሳብ ክፍልም ይማሩበታል። እሷ የሴት የእጅ ሥራን ወደ ሒሳብ ክፍል ይዛ ስትገባ አላፈረችም። እኛ ግን የሴት አያቶቻችንን ሒሳብ ሆቴል ሎቢ ላይ ሰቅለን ቱሪስት ፎቶ ያነሣበታል። «ባህላዊ ጌጥ» የሚል ወረቀት ለጥፈንበት! የእኛ ልጅ ስለ ጠመዝማዛ ገጽታ ሊማር ሲል ከውጭ የመጣ ሥዕል እናሳየዋለን፤ እናቱ ቤት እንጀራ የሚበላበት መሶብ ራሱ ማስረጃው ሆኖ ሳለ።

አንዳንዱ ደግሞ «ይህ የእጅ ልምድ ነው፣ ሒሳብ አይባልም» ይለኛል። እሺ። የአጎቴን ሒሳብ ላምጣለት። አጎቴ ቄስ ነበር፤ ባሕረ ሐሳብ ያውቃል። 2018 ዓ.ም.ን እንውሰድ። 5500 ጨምሩበት፣ 7518። ለ19 አካፍሉት፣ ቀሪው 13። አንድ ቀንሱ፣ 12፤ ወንበሩ ይህ ነው። 12ን በ11 አባዙ፣ 132፤ በሠላሳ ገድፉ፣ 12፤ አበቅቴው ወጣ። 12ን በ19 አባዙ፣ 228፤ በሠላሳ ገድፉ፣ 18፤ መጥቅዑ ወጣ። ሁለቱን ደምሩ፤ 30። ሁልጊዜ 30 ነው። ካልሆነ ተሳስታችኋል። የራሱ ማረጋገጫ ያለው ስሌት! አጎቴ ወረቀት አይዝም፤ በጣቶቹ አንጓ ላይ ይሄድበታል። ይህ በቀሪ ቁጥር የሚሠራ ሒሳብ ዛሬ የባንክ ሒሳባችሁን ከኢንተርኔት ሌባ የሚጠብቀው የምስጢር ጽሑፍ የቆመበት ሒሳብ ዘር ነው። አጎቴ ይህንን ሲቀምር በዚያው አፉ ዜማ ያዜማል፤ በዚያው ጭንቅላቱ ቅኔ ይቀኛል። ከጓደኞቹ አንዱ ደግሞ ብራና ይፍቃል፣ ቀለም ይበጠብጣል፣ ሐረግ ይሥላል። ለአንዱም «አንተ ናቹራል ነህ ወይስ ሶሻል?» ያለው የለም። ጥያቄው ራሱ አይገባቸውም ነበር። የዜማውን ምልክት እዩት፤ ድፋት፣ ሂደት፣ ቅናት፣ ይዘት፣ ቁርጥ፣ ጭረት፣ ርክርክ፣ ደረት። ድምፅን በነጥብና በጭረት አስሮ ብራና ላይ ማስቀመጥ የመረጃ ቴክኖሎጂ ካልሆነ ምን ሊሆን ነው?

ቆይ፤ ሠዓሊዎቹና ሙዚቀኞቹ እያጨበጨባችሁልኝ ከሆነ አቁሙ። ለእናንተም አለኝ።

«እኔ ሒሳብ አይገባኝም» ማለት እንደ ማዕረግ የያዛችሁት ከመቼ ጀምሮ ነው? በኤግዚቢሽን መክፈቻ ላይ አንዱ ማይክ ይዞ እንዲህ ይላል፣ ሌሎቹ ይስቃሉ፣ ቆንጆ ልጆች ያጨበጭባሉ። እኔም አሥር ዓመት ሙሉ ብዬዋለሁ፤ ሥዕል ከተውኩ በኋላ እንኳ ጥበበኛ ለመምሰል። «ፈጠራ ከውስጥ ነው፣ ስሜት ነው፣ አይለካም»! ታዲያ ሸራው ከሁለት ዓመት በኋላ ለምን ተሰነጣጠቀ? ስሜቱ ደረቀ? ወይስ ዘይት የበዛበትን ቀለም ከሥር፣ ዘይት ያነሰበትን ከላይ ቀብተህበት ነው? ላዩ ቀድሞ ይደርቃል፣ ሥሩ ገና ይንቀሳቀሳል፣ ይሰነጠቃል። ኬሚስትሪ ነው ወዳጄ። በገና የሚደረድረውን ጠይቀው። አሥሩ ጅማቶች ያን ልብ የሚበላ ነዛሪ ድምፅ የሚሰጡት በጅማቱና በድልድዩ መካከል በምትገባ ቁራጭ ቆዳ፣ በእንዚራ ነው። በፀጉር ስፋት ብታዛንፋት ድምፁ ይሞታል። ደርዳሪው «አይለካም» ብሎ አያውቅም። ሲያስተካክል ግማሽ ሰዓት ይፈጃል።

እንደ ጥቅስ ደጋግማችሁ የምታነሷቸውን ታላላቆችም በቅጡ አላያችኋቸውም። ሙላቱ አስታጥቄ ወደ ዌልስ የተላከው የአውሮፕላን ምህንድስና እንዲማር ነበር። አፈወርቅ ተክሌ ወደ እንግሊዝ የሄደው የማዕድን ምህንድስና ሊያጠና ነበር። ገብረ ክርስቶስ ደስታ ግብርና ጀምሮ ነው የተወው። ይህን ታሪክ ሁላችን እንዴት እንደምንተርከው ታውቃላችሁ፤ «ሳይንስን ጥሎ ጥበብን መረጠ!» የጀግና ማምለጫ ይመስል። እስቲ የሠሩትን እዩት። የሙላቱ ቫይብራፎን ምንድን ነው? የብረት ዘንጎች፣ መሐላቸው ከሥር እየተፋቀ ድምፃቸው የተቃኘ፤ ከሥራቸው ቱቦ፤ በቱቦው አፍ ላይ በኤሌክትሪክ ሞተር የሚሽከረከር ክዳን። መሣሪያው ግማሹ ማሽን ነው። ሙላቱ አምስት ድምፅ ያለውን ቅኝታችንን አሥራ ሁለት ድምፅ ካለው ሥርዓት ጋር ሳያፋጅ አስቀመጠው፤ የትኛው ድምፅ ከየትኛው ጋር ቢገጥም ትዝታው ትዝታ መሆኑን ይተዋል የሚለውን አጥንቶ። ይህ ሰው ነው መሐንዲስነትን የጣለው?

አፈወርቅም እንዲሁ። ማዕድን ሊማር ሄዶ ሠዓሊ ሆነ፤ ከዚያ አፍሪካ አዳራሽ ውስጥ 150 ካሬ ሜትር የሚሸፍን ባለ ቀለም መስታወት ሠራ። መስታወትን ቀለም የሚሰጠው ምንድን ነው? ማዕድን ነው። ኮባልት ሰማያዊውን፣ ብረት አረንጓዴውን። የሸሸው ትምህርት በፀሐይ ብርሃን ሆኖ በመስኮት ገባበት። ይህን የምትሰሙት አሁን ገና ከሆነ፣ ስንት ጊዜ ተማሪ ይዛችሁ ከዚያ መስታወት ፊት ቆማችሁ ስለ «የአፍሪካ ነጻነት» ብቻ አውርታችሁ እንደተመለሳችሁ አስቡ። ነጻነቱን መናገሩ ጥሩ ነው። አንዱ ልጅ ግን «ቀዩ ከምን ተሠራ?» ቢል ምን ትመልሱለት ነበር?

«ዳቦ ይቅደም» የሚለውን ክርክር ሰምቼ ሰምቼ ጠግቤዋለሁ። እሺ ይቅደም። ሳይሥል ያደገው መሐንዲስ ታዲያ ምን ሠራልን? ቦሌን ውረዱ። ከፎቅ እስከ መሬት መስታወት የለበሱ ሕንፃዎች። ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ፣ ይህችን የምትመስል ፀሐይ እያለች! ውስጥ ግቡ። መጋረጃው ተዘግቷል፤ መብራቱ በቀትር በርቷል፤ ሠራተኛው ጃኬቱን አውልቆ በወረቀት ያራግባል። ብርሃን እንዴት ግድግዳ ላይ እንደሚወድቅ ዓይኑ ያልተማረ ሰው የነደፈው ነው። ካታሎግ አይቶ ገለበጠ። ስሌቱ ትክክል ነው፣ ሕንፃው አይወድቅም፤ ግን ማንም ሊኖርበት አይችልም። በዚያው ከተማ ዞማ ሙዚየም ሂዱ። ግድግዳው ጭቃና ጭድ ነው። የዚያ ቤት አንዱ መሥራች ኤልያስ ስሜ ከመርካቶ፣ ከምናለሽ ተራ፣ የተጣለ የኮምፒውተር ሰሌዳና የኤሌክትሪክ ሽቦ ሰብስቦ፣ ሽቦውን እንደ ክር ጎንጉኖ፣ ግድግዳ የሚያህል ሥራ ይሠራበታል። እ.ኤ.አ. በ2022 ቬኒስ ድረስ ዓለም አየው። ሽቦውን እኛ ቆሻሻ ብለን ጥለነው ነበር።

የዘንድሮው በዓል ሰሞን ደግሞ ጨርሶ አናደደኝ። አንድ መሥሪያ ቤት መንገድ ላይ ትልቅ ፖስተር ሰቀለ። አበባ አለ፣ ቡና አለ፣ ነጭ የለበሰች ልጅ አለች። በሰው ሠራሽ አስተውሎት የተሠራ ነው፤ የልጅቷ ስድስተኛ ጣት ይመሰክራል። ከበስተጀርባዋ በወርቅ ቀለም የተጻፈ ነገር አለ። ቀረብኩ። ፊደል ይመስላል። ፊደል ግን አይደለም! «ሠ» ልትሆን የነበረች ነገር እግር በቅሎላታል፤ «ጨ» የምትመስለው ተገልብጣለች። እንኳን አደረሳችሁ በማይነበብ ፊደል! ያዘዘው አላየም። ያተመው አላየም። የፈረመው አላየም። ያለፈበት ሺህ ሰው ስልኩን እያየ አለፈ።

ስልኩ ላይ ያለው ፊደል ግን እንዴት እዚያ ደረሰ? አያና ብሩ በጽሕፈት መኪና ጠባብ ቁልፎች ላይ ከ200 የሚበልጥ ፊደል እንዴት እንደሚገባ ሲታገሉ የፊደሉን ገላ መበጣጠስ ነበረባቸው። ከዚያ ኮምፒውተር መጣ፤ የአንዱ ጽሑፍ በሌላው ማሽን ላይ ኮተት የሚሆንበትን ዘመን የምታስታውሱ ታስታውሱታላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1999 ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ ገባ፤ ለእያንዳንዷ ፊደል አንድ ቁጥር ተሰጣት። የፊደሉ ቅርጽ ደግሞ በስልካችሁ ላይ ሥዕል ሆኖ አልተቀመጠም፤ ቀመር ነው። የ«ሀ»ን ወገብ የሚያጎብጠው ቀመር ፈረንሳዊው መሐንዲስ ቤዚዬ ሬኖ ፋብሪካ ውስጥ የመኪና ገላ ለመንደፍ የተጠቀመበት ነው። ቀመሩን ብቻ የሚያውቅ ሰው ፊደሉን ቢሠራው እንደ ሽቦ ይገትረዋል። ቁም ጽሕፈት ብቻ የሚያውቅ ሰው ማሽኑ ውስጥ አያስገባውም። ሁለቱንም የያዙ ጥቂት ሰዎች ዓይናቸው እስኪቀላ ተቀምጠው ሠሩልን። ማንም ስማቸውን አይጠራም። እንዲህ ዓይነት ሰዎች ስላልበዙልን ነው ማሽን የጨፈጨፈውን ፊደል አደባባይ የምንሰቅለው። ማሽኑን አልወቅስም፤ ያየነውን ያህል ነው የሰጠን።

ይህን ስጽፍ ከራስጌዬ የአያቴ ሰፌድ ተሰቅሏል። ቆንጆው አይደለም። ቆንጆዎቹን ዘመድ ተከፋፈላቸው። ይህኛው ስምንት ጫፍ ያለው ኮከብ አለበት፤ ኮከቡ ከመሐል ወጥቶ እየሰፋ ይሄድና ጠርዙ ላይ ሲደርስ አንደኛው ጫፍ ሳይገጥም ይቀራል። እንግዳ ሲመጣ አታወጣውም ነበር። ከአልጋ ሥር ትወሽቀዋለች። ልጅ ሆኜ «ምን ሆኖ ነው?» ብዬ ጠየቅኋት። ስሜቴ ነው አላለችኝም። ቆጠራ ሳትኩ አለች።

እሑድ ዕለት የእህቴ ልጅ መጣች። ስምንተኛ ክፍል ናት። ሰፌዱን አውርጄ ሰጠኋት። አልጋ ላይ ተጋድማ ጠርዙን በጥፍሯ እየነካች የአክርማውን ጥምጥም መቁጠር ጀመረች፤ ሁለት ጊዜ ጠፋባት፤ ሦስተኛው ላይ ደብተሯን አምጥታ በአሥር በአሥር ምልክት አደረገች።

«190» አለች። ከዚያ ዝም ብላ ቆየችና፣ «ጋሼ፣ ለስምንት እኮ አይካፈልም። ሁለት ጎድሏታል።»